ስሙ ላልታወቀ ሕመም ክኒን አትቀባበሉ

እኩዮቼ፣ ከመቀመጫችሁ ስትነሡ ሁለት እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ የምትደግፉ ሁሉ፣ ስሙኝ። «ጉልበት ታሞ የሞተ የለም» እንባባላለን። እውነት ነው፤ የጉልበት መበላት ብቻውን ሰው አይገድልም። ለጉልበት ተብሎ የሚዋጠው ግን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ያደክማል፣ ስኳር ይቀሰቅሳል፣ የዳሌን አጥንት ይገድላል። ያንን ክኒን ደግሞ ብዙ ጊዜ ያዘዝነው እኛው እርስ በርሳችን ነን። ስለዚህ ልጆቻችንንና ሐኪሞቻችንን ለጊዜው እንተዋቸው። የማስጠነቅቀው በለቅሶ ድንኳን፣ በማኅበርና በዕድር ስብሰባ ጎን ለጎን የምንቀመጠውን እኛን ነው።

ዕድሜዬ ያለቀው በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ እንደ እናንተው ከዘራ ይዤ እሄዳለሁ። «ለእገሌ የሰጠኸውን ስጠኝ» የሚል ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የሐኪም ወረቀት አይዝም፤ ከሌላ ሰው የክኒን ማሸጊያ የተቀደደች ቁራጭ ነው የሚያሳየው። ቁራጯን የሰጠው ወዳጁ ክፋት የለበትም፤ እሱን ሌሊት ያስተኛችውን ክኒን ለወንድሙ ማካፈሉ ነው። የሁለቱን ጉልበት ያመመው አንድ ነገር ይሁን አይሁን ግን ያየ የለም።

አብዛኞቻችንን የያዘን ሕመም በሐኪም ቋንቋ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። የበግ መጋጠሚያ ሲበለት የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነውን ነጭና የሚያንሸራትት ነገር ሁላችንም አይተነዋል። ካርቲሌጅ የሚባለው እሱ ነው፤ በእኛም ጉልበት ውስጥ አለ። የራሱ የደም ሥር የለውም፣ ነርቭም የለውም። የሚመገበው በመጋጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ስንራመድ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ሸክሙ ሲነሣለት ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። ነርቭ ስለሌለው መሳሳት ሲጀምር ምንም አይሰማንም። የሚያመን ከሥሩ ያለው አጥንት ሲጎዳ፣ መጋጠሚያውን ከውስጥ የሸፈነው ስስ ሽፋን ሲቆጣ፣ ጅማቱና ጡንቻው ሲወጠር ነው። አጥንቱም በበኩሉ ይጠጥራል፣ በጠርዙ ላይ ሹል እድገት ያወጣል። ስለዚህ በሽታው የመላው መጋጠሚያ በሽታ ነው።

በዚህ ሕመም ብቻችንን አይደለንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 528 ሚሊዮን ያህል ሰው ኦስቲዮአርትራይተስ ነበረበት። ከእነዚህ 73 በመቶው ከ55 ዓመት በላይ ናቸው፤ 60 በመቶው ሴቶች ናቸው። በብዛት የሚጠቃው መጋጠሚያም ጉልበት ነው፤ 365 ሚሊዮን ሰው። ይህን ያህል ሰው የያዘ በሽታ በመሆኑ ግን አንድ አደገኛ ልማድ አምጥቶብናል፤ ጉልበቱን ያመመውን ሽማግሌ ሁሉ «ዕድሜ ነው» ወይም «ብርድ ነው» ብለን እናሰናብተዋለን።

አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ድንገት አብጦ፣ ትኩስ ሆኖ፣ ከትኩሳትና ብርድ ብርድ ከማለት ጋር ከመጣ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። መግል ካርቲሌጅን በቀናት ውስጥ ያበላሻል፤ ወደ ደም ከተሠራጨም ይገድላል። መርፌ ገብቶ ፈሳሹ መቀዳትና መመርመር አለበት፤ ሕክምናው መግሉን ማውጣትና በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው። በሌሊት የእግር አውራ ጣትን ወይም ጉልበትን አቃጥሎ፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያስጮኽ ደግሞ ሪህ ሊሆን ይችላል። ለሪህ ደግሞ ለግፊት የምንውጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ራሱ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ በደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋልና። ሕመሙ በበረታበት ሰዓት የዩሪክ አሲድ ምርመራ ልክ ሆኖ ሊገኝም ይችላል፤ ስለዚህ በአንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት «ሪህ አለብህ» ወይም «የለብህም» አይባልም።

የሁለቱም እጆች ጣቶች አብረው የሚያብጡ ከሆነ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ አሳስሮ የሚያቆይ ከሆነ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። ይህ የሰውነት መከላከያ በገዛ መጋጠሚያው ላይ የሚነሣበት በሽታ ነው። በጊዜ ካልታከመ ጣት ያጣምማል። ዋናው መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል። አስቡት፤ ይህ ክኒን በድንኳን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ ምን ይሆናል? አንድ ጉልበት ለወራት ቀስ እያለ ካበጠ፣ ሌሊት ካላበው፣ ሰውነት ከከሳ የአጥንት ቲቢ መፈለግ አለበት። ያልፈላ ወተት መጠጣት የለመደ ሰው ከሆነ ብሩሴሎሲስም ይታሰባል። የተጎዳው ዳሌ ሆኖ ሕመሙ ጉልበት ላይ የሚሰማውም አለ፤ ጉልበቱን ዓመት ሙሉ ሲያሽ ቢኖር ዳሌው አይድንለትም።

እነዚህን ሁሉ አንዲት ነጭ ክኒን ለጊዜው ልታስታግሳቸው ትችላለች። አታላይነቷም በዚሁ ነው። ባንኮኒ ላይ ዴክሳ የምንላት ዴክሳሜታዞን ቁጣን የማብረድ ኃይሏ ትልቅ ነው፤ 1 ሚሊ ግራም ዴክሳ ከእህቷ ከፕሬድኒሶሎን 6 እስከ 7 ሚሊ ግራም ጋር ትስተካከላለች። ስቴሮይድ የሚባለው የዚህ መድኃኒት ወገን ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ነው። ፊሊፕ ሄንች የተባለው ሐኪም በሩማቶይድ አርትራይተስ ለተያዘች ሴት ኮርቲዞን ሰጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስትራመድ አየ። በ1950 እሱና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ለዚህ የሥራ መስክ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ብዙም ሳይቆይ ግን ዋጋው መታየት ጀመረ፤ ያበጠ ፊት፣ የሳሳ አጥንት፣ ከፍ ያለ ስኳር፣ የደከመ መከላከያ። ዓለም ይህን ያወቀው ከእኛ ብዙዎቹ ሳይወለዱ ነው። እኛ ዛሬም «ምግብ ትከፍታለች፣ ፊት ትሞላለች» ብለን እናወድሳታለን። የሞላው ፊት የጤና ምልክት መስሎን ነው፤ የመድኃኒቱ ጉዳት ነው እንጂ።

ዴክሳና ፕሬድኒሶሎን መግል ያለበትን ጉልበት ሕመም ያስረሳሉ፤ መግሉ ግን ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። ተኝቶ የነበረ ቲቢ ይቀሰቅሳሉ። በዓይን ላይ ሞራ ያመጣሉ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በዳሌ ላይ የሚያደርጉት ነው። ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደውን ደም ያውካሉ፤ አጥንቱ በሕይወት እያለን ይሞታል፣ ከዚያም ይደረመሳል፣ ላዩ ላይ የነበረው ካርቲሌጅም አብሮ ይወድቃል። መጀመሪያ ላይ ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ የሚለየው ኤምአርአይ ነው። ስለዚህ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው ብሽሽቱን ማመም ከጀመረው ለሐኪሙ «እንዲህ ያለ ክኒን እውጥ ነበር» ብሎ ይንገር። ጉልበቱን ለማዳን የዋጠው ዳሌውን ሊወስድበት ነውና።

እዚህ ላይ አደራ አለኝ፤ ይህን ሰምታችሁ ዛሬ ማታ ክኒኑን አትጣሉ። ከ3 ሳምንት በላይ በየቀኑ የወሰደ ሰው ሰውነቱ የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ሊያቆም ይችላል። ድንገት ከተቋረጠ ግፊት ወርዶ፣ ራስ ስቶ ሆስፒታል መግባት አለ። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ በትንሽ በትንሹ ይቀነስላችሁ።

ሁለተኛዋ እንግዳችን ዲክሎ ናት። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሐኪም አይቶ፣ ለጥቂት ቀን ሲያዛቸው ጥሩ ናቸው። እኛ ግን ለጥቂት ቀን አናውቅም፤ ወር ጠብቀን እንደ ደሞዝ እንገዛቸዋለን። በጨጓራችን ውስጥ ሄሊኮባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ካለ፣ በአገራችንም ብዙ ሰው አለበት፣ የመቁሰሉ አደጋ ይበረታል። በእኛ ዕድሜ የጨጓራ ቁስል ሳያም ሊደማ ይችላል፤ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደም ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይኬዳል። የግፊት ታማሚዎች ደግሞ ይበልጥ ስሙ። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው በላያቸው ላይ ዲክሎ ሲጨምር ሦስቱ በአንድ ላይ ኩላሊትን ያጠቃሉ፤ በተለይ ተቅማጥ ይዞት ወይም በጾም ውኃ አንሶት ከሆነ። ዲክሎፌናክ የልብ ድካምና የስትሮክ አደጋም ይጨምራል። ዲክሎንና ዴክሳን አንድ ላይ የሚውጥ ሰው ጨጓራውን ከሁለት ወገን ነው የሚያስደበድበው።

ከውጭ አገር በሚመጣ ሻንጣም አትተማመኑ። ልጆቻችን ከዋሽንግተንና ከዳላስ «የጉልበት ቫይታሚን» እያሉ በፍቅር ይልካሉ። ግሉኮሳሚን ከሆነ ገንዘብ ማባከን ነው እንጂ ብዙም አይጎዳም፤ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያው አትስጡት ብሏል። የሚያስፈራው «ከዕፅ ብቻ የተሠራ» ተብሎ የሚሸጠው ነው። በዚያው በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አርትሪ ኪንግ ስለሚባል የመጋጠሚያ ማሟያ አስጠንቅቆ ነበር። ሲመረመር በውስጡ በጽሑፉ ላይ ያልተጠቀሰ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን ተገኘ። የተጎዱ ሰዎች ነበሩ፤ የሞት ሪፖርትም ደርሷል። «አንድ ቀን ውጬ ተፈወስኩ» የሚያሰኝ ዕፅ ካጋጠማችሁ ደስታችሁን አቆዩና ጥርጣሬያችሁን አስቀድሙ።

ስለ ወጌሻም አንድ ነገር ልበል። ለወለምታ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አሉ፤ አክብሮቴ አይጓደልም። ነገር ግን ያበጠና የሚያተኩስ ጉልበት አይታሽም፣ አይጎተትም። ስቴሮይድ ሲውጥ የኖረ ሰው አጥንቱ ሳስቷል፤ ጠንከር ያለ እሽት ሊሰብረው ይችላል። በጋለ ብረት መተኮስ ደግሞ ቆዳ ከፍቶ ቁስል ያመጣል፤ ከቁስሉም ወደ መጋጠሚያው መግል ሊገባ ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ይታይልን። ጥሩ ምርመራ ከመሣሪያ በፊት በጆሮና በእጅ ነው የሚጀምረው። ሐኪሙ መቼ እንደሚያም፣ ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚያሳስር ይጠይቃል፤ ስንራመድ ያያል፤ ጉልበቱን ይዳስሳል፤ ዳሌውንም ያዞራል። የናይስ መመሪያ እንደሚለው ሰውዬው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሕመሙ በእንቅስቃሴ ጊዜ ከሆነ፣ የጠዋት መተሳሰሩም ከሌለ ወይም ከ30 ደቂቃ ካላለፈ ኦስቲዮአርትራይተስ ነው ለማለት ራጅ እንኳ አያስፈልግም። ራጅ ከታዘዘም ቆማችሁ ይነሣ፤ ተኝቶ የተነሣ ራጅ የክፍተቱን መጥበብ ሊሸሽግ ይችላል። ራጅ የሚነበበው እ.ኤ.አ. በ1957 ኬልግረንና ሎውረንስ ባወጡት ከ0 እስከ 4 ባለው ደረጃ ነው። «4 ደርሷል» ስትባሉ አትደንግጡ፤ ራጁ የከፋበት ሰው ገበያ ሲሄድ፣ ራጁ የቀለለለት ከአልጋ ሲውል ይገኛል። የሚታከመው ሰውየው ነው።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የዋጣችሁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ዴክሳውን፣ ዲክሎውን፣ ከልጅ የተላከውን፣ የተጠጣውን ሥር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንል የለ? ክኒኑን የደበቀም እንዲሁ ነው። ማሸጊያዎቹን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ስሙ ከታወቀና ኦስቲዮአርትራይተስ ከሆነ ሕክምናው እንደምናስበው በክኒን አይጀምርም። መቀመጥ ጡንቻን ያከሳል፤ የከሳ ጡንቻ ጉልበቱን ሜዳ ላይ ይተወዋል። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አንድ እግር ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያዙት፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱ፤ ደጋግሙት። ከወንበር እጅ ሳትደግፉ መነሣትና መቀመጥን ተለማመዱ። ሲሠሩት ትንሽ ማመሙ አያስፈራም፤ ሕመሙ ለማግሥቱ ካደረ ግን ቀንሱ። ክብደት የጨመራችሁ ቀንሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የእነ ሜሲየር ጥናት 1 ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዷ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያወርድ አሳይቷል።

ከዘራችሁንም አስተካክሉ፤ ብዙዎቻችን በታመመው ወገን ነው የምንይዘው። ቀኝ ጉልበት ከታመመ ከዘራው በግራ እጅ ይያዝ፤ ርዝመቱም ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ እጀታው የእጅ አንጓችሁ ላይ የሚደርስ ይሁን። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የታመመው። እህቶቼ፣ ከምጣዱ ሥር በርጩማ ላይ መቀመጡ ይብቃ፤ ምጣዱ ከፍ ይበል። የመጸዳጃ ቤቱም መቀመጫ ከፍ ይበል። በሑዳዴ ስግደት የምትቸገሩ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ሙስሊም ወንድሞቼም በወንበር ተቀምጦ መስገድ ለታመመ የተፈቀደ መሆኑን ታውቃላችሁ። ፈጣሪ ጉልበታችንን ሰብረን እንድናስደስተው አልጠየቀንም።

መድኃኒት ካስፈለገ በጉልበት ላይ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ቅባት ይቅደም፤ ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ እጅግ ያነሰ ነው። በጉልበት ውስጥ የሚወጋ ስቴሮይድ ሕመሙ ሲብስ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሣል፤ ልማድ ሲሆን ግን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የአሜሪካ ጥናት በየ3 ወሩ ለሁለት ዓመት የተወጉት ሰዎች የጨው ውኃ ከተወጉት ይበልጥ ካርቲሌጃቸው ሳስቶ ተገኘ፤ በሕመም በኩል ግን የተሻለ አላገኙም። በቀጭን መሣሪያ ጉልበት ከፍቶ «ማጠብ»ም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን 180 ሰዎች ተመድበው ለአንዳንዶቹ ቆዳ ብቻ ተከፍቶ ተሰፋ፤ በሁለት ዓመት ክትትል በእውነት የተሠራላቸው ከእነሱ የተሻሉ አልሆኑም። ለዚህ ብላችሁ ቤት ሽጣችሁ ባንኮክ አትሂዱ።

ጉልበት መቀየር ግን የምር ሕክምና ነው። ጊዜው ሲደርስ፣ ማለትም ልምምዱ፣ ክብደቱና ቅባቱ ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍና እርምጃ ሲከለክል፣ አትፍሩት። በላንሴት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት ቆይተዋል። ከዚያ በፊት ግን ስኳር ይስተካከል፣ የታመመ ጥርስና የቆሰለ እግር ይታከም፤ በቅርብ 3 ወራት ውስጥ ስቴሮይድ የተወጋ ጉልበት ሲቀየር የመመርቀዝ አደጋው ከፍ ይላልና ይህም ለቀዶ ሐኪሙ ይነገር።

እኩዮቼ፣ የእኛ ቃል በሰፈር ውስጥ ክብደት አለው። «ያቺ ክኒን አስነሣችኝ» ስንል ታናሾቻችን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ይወስዱታል። ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ ወንድማችን የክኒን ስም ሲጠይቀን መልሳችን «ማን አየልህ?» ይሁን። ማንም ካላየው ታክሲ ተጋርተን ይዘነው እንሂድ። ክኒን በማሸጊያ ቁራጭ አንቀባበል፤ በቤታችን የተረፈውንም ለማንም አናውስ። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ደግሞ ይህን አጀንዳ አስይዛለሁ፤ አንድ አባል ሲሞት ለድንኳኑና ለንፍሮው የምናዋጣ ሰዎች፣ በሕይወት እያለ አንድ ጊዜ ካርድ የሚያወጣበትንም እናዋጣ። ተቃውሞ ያለው ካለ በስብሰባው ላይ ቆሞ ይንገረኝ።